ባልንጀርነትና ጡረታ

ጡረታ የሚለው ቃል ጦረ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ጧሪ ማለት አቅሙ የደከመውን ሽማግሌ የሚያበላ፥ የሚያለብስ፥ ወድቆ እንዳይቀርም የሚደግፍ ሰው ነው። በዘመናችን መንግሥት ላገለገለው ሰው በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብ ይህን የከበረ ስም ወርሷል። ነገር ግን ገንዘቡ ሥጋን ይጦር እንደ ሆነ እንጂ፥ ሰው ከሹመቱና ከመዓርጉ በፊት ማን እንደ ነበረ ሊመሰክርለት አይችልም። ለዚህ ምስክርነት ከሥጋ ዘመድ ቀጥሎ የሚገኘው በወጣትነት አብሮ የተማረ ባልንጀራ ነው። እንግዲህ የኮሌጅ ባልንጀሮች በጡረታ ዘመናቸው መፈላለግ ግዴታቸው ነውን? ግዴታስ ከሆነ መዠመሪያ መፈለግ ያለበት ማን ነው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በሐዋሳ ከተማ ምሳሌነት ልንመረምር እንወዳለን።

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. አካባቢ የተቈረቈረች ከተማ ስለ ሆነች፥ ዛሬ ጡረታ ከሚወጡት ሰዎች ጋር እኩያ ናት ማለት ይቻላል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1976 የእርሻ ኮሌጅ ተከፈተባት፤ ይህም ኮሌጅ በ1992 ዓ.ም. ከወንዶ ገነትና ከዲላ ኮሌጆች ጋር ተዋሕዶ የደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በኋላም የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በእኛ አቈጣጠር በ1975 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ኮሌጅ የገባ ወጣት፥ በ2017 ዓ.ም. 60 ዓመት ሞልቶታል፤ የመንግሥት ሠራተኛም ከነበረ የጡረታ ዕድሜው ደርሷል። በእነዚያ 42 ዓመታት ውስጥ የ1977ቱ ረኃብ አለ፤ የ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ አለ፤ ስደትም አለ። አንዱ በገጠር ወረዳ የእርሻ ባለሙያ ሆኖ ቀረ፤ ሌላው በዋና ከተማ የመምሪያ ኀላፊ ሆነ፤ ሦስተኛው ባሕር ተሻገረ። በዚያን ጊዜ ለመጠያየቅ ያለው መንገድ ደብዳቤ ነበር፤ አድራሻ የለወጠ ሰውም ጠፋ ማለት ነው። የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። ስለዚህ የዛሬውን ዝምታችንን በመንገድ ርቀት ልናመካኝ አንችልም።

አርስጣጣሊስ የተባለው የግሪክ ፈላስፋ ወዳጅነትን በሦስት ይከፍለዋል፤ አንደኛው ስለ ጥቅም፥ ሁለተኛው ስለ ደስታ፥ ሦስተኛው ስለ ባልንጀራው መልካምነት የሚመሠረት ነው። የመዠመሪያዎቹ ሁለቱ ምክንያታቸው ሲጠፋ አብረው እንደሚጠፉ ያስተምራል። የኮሌጅ ጓደኝነት ብዙውን ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ ይዠምራል፤ በአንድ መኝታ ቤት ያደሩ፥ አንዱን መጽሐፍ በተራ ያነበቡ፥ ከቤት የተላከ በሶ የተካፈሉ ናቸው። በሥራ ዘመን ደግሞ ደስታው ይቀንስና ጥቅሙ ይበረታል፤ የዝውውር ጕዳይ ወይም የአንድ ደብዳቤ ፊርማ ሲያስፈልግ የቀድሞ ጓደኛ ስም ይታወሳል። ጡረታ በመጣ ጊዜ ፊርማው ዋጋ ያጣል፤ ማኅተሙም ለሌላ ሰው ይሰጣል። ከዚያ በኋላ የሚደወል ስልክ ጥቅም የማይገኝበት ስለ ሆነ፥ ወዳጅነቱ ከሦስቱ ወገን የየትኛው እንደ ነበረ የሚለየው ያን ጊዜ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት ጕቦን ለማጽደቅ ሲጠቀስ ኖሯል። እኛ ግን ተረቱ ሳያስበው አንድ እውነት የነካ ይመስለናል፤ ከሥልጣን የወረደ ሰው ቍጭት በእርግጥ አለ። የሚቈጨው ግን ያልበላው ገንዘብ ሳይሆን፥ ደጃፉ ድረስ መጥቶ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብሎ የተመለሰው የቀድሞ ጓደኛው ነው።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። ብዙ ሰው «የፈለገኝ ይፈልገኝ» ይላል። ይህ አነጋገር ትክክል ፍርድ ይመስላል እንጂ አይደለም። ከፍ ካለ ሹመት ደርሶ የነበረው ሰው ዝቅ ብሎ የቀረውን ጓደኛውን ቢጠራ ደግነት ተብሎ ይቈጠርለታል፤ ዝቅ ያለው ግን ከፍ ያለውን ቢጠራ ለልመና የመጣ ያስመስልበታል። ይህንም ስለሚያውቅ ክብሩን ጠብቆ ዝም ይላል። ከፍ ያለው ደግሞ ያንን ዝምታ እንደ መርሳት ወይም እንደ ቅናት ይተረጕመዋል። ስለዚህ መዠመሪያ የመፈለግ ዕዳ ዕድል በቀናው ሰው ላይ ይወድቃል እንላለን። ዕድል ማለታችንም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአንድ ክፍል ተቀምጠው እኩል ውጤት ካመጡት ሁለት ወጣቶች አንዱ ወደ ትልቅ ከተማ፥ ሌላው መኪና ወደማይደርስበት አገር የሄዱት በምደባ ዝርዝር እንጂ በጠባያቸው ልዩነት አልነበረም።

«በአንድ መዝገብ የተጻፍነው በአጋጣሚ ነው፤ የሞተ ወዳጅነትን በግድ ማስነሣትም ግብዝነት ነው» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይህ ተቃውሞ ክብደት አለው። አብሮ የተማረ ሁሉ የልብ ወዳጅ ሊሆን አይችልም፤ በዚያ ክፉ ዘመን ጓደኛው አሳልፎ የሰጠው ሰውም በዳዩን እንዲያቅፍ ማንም ሊያዝዘው አይገባም። ነገር ግን በግዴታ የምንጠይቀው ፍቅርን አይደለም፤ ስለ ባልንጀራ ደኅንነት መጠየቅን ነው። በሲዳማ ሕዝብ ዘንድ አፊኒ የሚባል የምክክርና የዕርቅ ሥርዓት አለ፤ ቃሉም «ሰማችሁን?» እንደ ማለት ነው። ከመፍረድ በፊት መሰማማት ይቀድማል። ለባልንጀርነትም ትንሹ መለኪያ ይኸው ነው፤ እገሌ ታሟል፥ ሰማችሁን? እገሊት ልጇን ቀብራለች፥ ሰማችሁን?

በዚሁ ሕዝብ የሉዋ ሥርዓትም ደራራ፥ ፉላሳ፥ ሂርቦራ፥ ዋዋሳና ሞጊሳ የሚባሉ አምስት ምድቦች በየተራቸው ይፈራረቃሉ። በዚያ ሥርዓት ሽምግልና ከሥራ መሰናበት ሳይሆን ወደ ምክርና ወደ ዳኝነት መግባት ነው፤ ሰውም ወደዚያ የሚደርሰው ብቻውን ሳይሆን ከምድቡ ጋር ነው። የኮሌጅ ባልንጀሮችም ከዚህ የሚማሩት ብዙ ነገር አለ።

አንድ ነገር ደግሞ በጥንቃቄ ሊታሰብበት ይገባል፤ ይኸውም የመሰብሰቢያው ነገር ነው። በሐይቁ ዳር ባለ ታላቅ ሆቴል፥ በከፍተኛ መዋጮ፥ ዓመታዊ ግብዣ ቢደረግ፥ በጥቂት አበል የሚኖረው ጓደኛ «አልተመቸኝም» ብሎ ይቀራል። አባቶቻችን ይህን ችግር በማኅበር ፈትተውት ነበር፤ ጽዋው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ድኻውም ተራው በደረሰ ጊዜ በዳቦውና በጠላው ጋባዥ ይሆናል። ተራ የማይደርሰው ሰው እንግዳ ነው እንጂ ማኅበርተኛ አይባልም። በአሞራ ገደል ዓሣ ተበልቶ፥ ወይም በታቦር ተራራ ግርጌ ባለች ትንሽ ቤት ቡና ተጠጥቶ የሚደረግ ስብሰባ፥ ከሁሉም የሚያንሰው ሰው ሳያፍር ሊጋብዝበት ስለሚችል ከታላቁ ግብዣ ይበልጣል።

ሽማግሌዎቻችን ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። በምርቃቱ ውስጥ የቃላቱን ቅደም ተከተል ልብ ይሏል፤ ጧሪ ይቀድማል፥ ቀባሪ ይከተላል። እኛ ግን ለቀብር ከሩቅ አገር ተሯሩጠን እንደርሳለን፤ ሟቹ በሕይወት ሳለ ግን በዚያው ከተማ ሳንጠይቀው ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ጡረታ የወጣ አንባቢያችን፥ ይልቁንም ዕድል የቀናው፥ የመኝታ ቤት ጓደኞቹን ስም በወረቀት ይጻፍ፤ ከእነርሱም መካከል አድራሻው የጠፋበትንና ማንም የማይጠራውን ሰው አስቀድሞ ይፈልግ። ባገኘውም ጊዜ የሹመቱን ዘመን ሳይተርክ፥ ያንን ሰው በወጣትነት ስሙ ይጥራው።