ስለ መጠጥ አሳላፊ አደራ

አንባቢ ሆይ፤ በከተማ የሚኖር ወጣት እንጀራውን ሲፈልግ ከሚያገኛቸው ሥራዎች አንዱ በሆቴልና በቡና ቤት መጠጥ መቅዳት ነው። ጥንት በነገሥታት ግቢ ጠጅ አሳላፊ ይባል የነበረው ዛሬ ከባንኮኒ ኋላ ቆሞ ባርማን ይባላል፤ ስሙ ተለወጠ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ይህን ሥራ ሊይዝ የሚወድ ሰው፦ ትምህርት ቤት ገብቼ ልማረው ወይስ ከሥራው ገብቼ እያየሁ ልልመደው? ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ለጊዜው የገንዘብና የዕድሜ ጉዳይ ይመስላል፤ ቀርበን ብንመረምረው ግን የምግባር ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን። ሥራውን መያዝ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን እያንዳንዱ በሕሊናው ፊት ይፍረድ፤ ይህ ቃል የሚናገረው ሥራውን ለያዘው ወይም ሊይዘው ላሰበው ነው።

በመጀመሪያ የእጅን ትምህርት እንመልከት። ብዙዎቹ ባርማኖች ከታች የጀመሩ ናቸው፤ ብርጭቆ አጥበው፥ በረዶ ተሸክመው፥ ጠርሙስ ደርድረው፥ ከዚያ በኋላ ቢራ መቅዳት፥ ኋላም መጠጥ ማደባለቅ ይፈቀድላቸዋል። ጄሪ ቶማስ የተባለው አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1862 በኒውዮርክ ስለ መጠጥ አደባለቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ እርሱ ራሱ ግን ሙያውን ያገኘው ከባንኮኒ ኋላ ነው። በ1903 በሎንዶን በሳቮይ ሆቴል የባር ሹም የሆነችው አዳ ኮልማንም እንዲሁ በሥራ ላይ የተማረች ናት። ዛሬ በአሜሪካ አገር አንድ ወይም ሁለት ሳምንት የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በጠርሙሶቹ ቀለም የገባበት ውኃ ሞልተው ተማሪውን ያለማምዱታል፥ ሲጨርስም ወረቀት ይሰጡታል። ይህ ከንቱ አይደለም፤ የመጠጡን ስምና ልኩን ያስተምራል። ነገር ግን አምስት ሰው ባንድ ጊዜ ሲጣራ ማንን ማስቀደም እንደሚገባ፥ በግርግር መካከልም ሂሳብን እንዴት መያዝ እንደሚቻል ባለቀለም ውኃ አያስተምርም። ስለዚህ ብዙ የቡና ቤት ጌቶች ከወረቀቱ ይልቅ የሠራበትን ዘመን ይጠይቃሉ። በዚህ በኩል ብቻ ብንፈርድ፦ ሥራ ከትምህርት ቤት ይበልጣል እንላለን።

ሁለተኛ ግን ሌላ ትምህርት አለ፤ ይኸውም መቼ መቅዳት እንደማይገባ ማወቅ ነው። ይህን ማንም በልማድ ብቻ ሊያገኘው አይችልም፤ ዓይን ያታልላልና። አልኮል ከተጠጣ በኋላ ወደ ደም ገብቶ ኃይሉ እስኪሞላ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ይፈጃል፥ ምግብ ከተበላ ደግሞ ከዚያ በላይ ይቆያል። እንግዲህ የመጨረሻውን ብርጭቆ ጨርሶ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ሰው በመንገድ ሳለ ይብስበታል። ዘወትር የሚጠጣም ሰው ስካሩን መሸሸግ ይለምዳል፤ አንደበቱ ሳይተበተብ ፍርዱ ተበላሽቶ ይገኛል። ጉበት አንዱን መጠጥ ለማጥፋት አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ቡናም ቀዝቃዛ ውኃም አያፋጥነውም። ደግሞ ብዙ ሰው ቢራ ቀላል፥ ውስኪ ከባድ ነው ይላል። ነገር ግን ከመቶ 5 እጅ አልኮል ያለበት 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 16 ሚሊ ሊትር ተኩል አልኮል አለው፤ ከመቶ 40 እጅ ያለበት 40 ሚሊ ሊትር ውስኪም 16 ሚሊ ሊትር አለው። አንድ ጠርሙስና አንድ መለኪያ እኩል ናቸው ማለት ነው። ይህን ያልተማረ አሳላፊ ፊት አይቶ ይቀዳል፤ የተማረ ግን ይቆጥራል።

ሰዎች ግን፦ ጠጪው ልጅ አይደለም፥ ገንዘቡም ጉሮሮውም የራሱ ነው፤ ቀጂውን ምን አገባው? ይላሉ። ይህ ነገር በመጀመሪያው ብርጭቆ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መጠጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስደው፦ ይበቃኛል የሚለውን ፍርድ ነው። ጠጪው ፍርዱን ባጣ ጊዜ በባንኮኒው አጠገብ ያልሰከረ አንድ ሰው ይቀራል፥ እርሱም አሳላፊው ነው። እንግዲህ የዚያ ሰው ፍርድ፥ በቤት የምትጠብቀው ሚስቱም፥ በመንገድ የሚያልፈው እግረኛም ለጊዜው በአሳላፊው እጅ ያሉ አደራዎች ናቸው። አደራ ደግሞ በአገራችን የታወቀ ነገር ነው፤ ሰው ሳይፈርምበት የሚጠየቅበት ዕዳ ነው።

ያገራችንም ልማድ በዚህ በኩል ይፈትነናል። እኛ እንግዳን ስንወድ፦ በሞቴ፥ አንድ ድገምልኝ! እያልን እናስገድዳለን፤ መከልከልን እንደ ንፍገት እንቆጥረዋለን። ስለዚህ ሙያውን ከቤት ልማድ ብቻ የተማረ ሰው ማስገደድን እንጂ ማቆምን አያውቅም። በመጽሐፍ ግን የታላቁ የፋርስ ንጉሥ የአርጤክስስ ግብዣ ሲነገር፥ እንግዶቹን ማንም እንዳያስገድድ ታዝዞ እንደ ነበረ እናነባለን። ደግሞ አሳላፊው የሚኖረው በጉርሻ ነው፥ ጉርሻም በተቀዳው ብዛት ይበዛል፤ ጥቅሙና አደራው ሁልጊዜ ይጣላሉ ማለት ነው።

ታዲያ መከልከል በትምህርት ሊገኝ ይችላልን? አዎን፥ ይችላል። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት በ1986 መጠጥ የሚያሳልፍ ሁሉ ይህን ትምህርት ግድ እንዲማር አደረገ። ሃሮልድ ሆልደርና አሌክሳንደር ዋገናር የተባሉ መርማሪዎች በ1994 ባወጡት ጽሑፍ፥ በሌሊት አንድ መኪና ብቻውን የሚደርስበትና ሰው የሚጎዳበት አደጋ በ6 ወር ከመቶ 4፥ በ1 ዓመት 11፥ በ2 ዓመት 18፥ በ3 ዓመት 23 ያህል መቀነሱን አሳዩ። የተማሩት አሳላፊዎች በበዙ መጠን አደጋው አነሰ። አንድ ብቻውን የሚከለክል አሳላፊ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ቤት ይሄድበታል፤ ሁሉ ሲማር ግን የሚከለክለው ብቻውን አይቀርም።

የመከልከል ሙያ እንዲህ ነው። ሳይመሽ መጀመር፤ በሦስተኛው መጠጥ ላይ ውኃና ምግብ ማቅረብ። በጓደኞቹ ፊት አለማሳፈር፤ ወደ ጎን ቀርቦ በዝግታ መናገር። ሰክረሃል ብሎ አለመክሰስ፤ ጌታዬ፥ ዛሬ ከዚህ በላይ ልቀዳልዎ አልችልም፥ ነገ በደኅና ይምጡ ማለት። ሌላው አሳላፊ እንዳይቀዳለት መንገር፤ መኪና ነድቶ የመጣ እንደ ሆነ የሚያደርሰው መፈለግ። ዕድሜንም መጠየቅ፤ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው መጠጥ መሸጥን ይከለክላልና።

እንግዲህ ወጣት ሆይ፥ ለጥያቄህ መልሱ ይህ ነው። ያበላሸኸውን ድብልቅ ደፍተህ ሌላ ትሠራለህ፤ ስለዚህ ማደባለቅን ከሥራው እየተሳሳትህ ብትማር ጥፋት የለበትም። የመጨረሻውን ብርጭቆ ግን ያለ ቦታው ብትቀዳ ዕዳውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ እንደ ተባለ፥ የጠፋ ሕይወት አይጠገንም። በሰው ነፍስ የሚለመድ ሙያ አይገባምና፥ ይህን አስቀድመህ ተማር። ወደ ትምህርት ቤት ብትሄድ፦ ስንት ዓይነት መጠጥ ታስተምራላችሁ? ብለህ ብቻ አትጠይቅ፤ መከልከልንስ ታስተምራላችሁን? ብለህ ጠይቅ። ወደሚቀጥርህም ጌታ ስትቀርብ፥ ስለ ደመወዝህ ከመነጋገርህ በፊት፦ ለሰከረ ሰው አልቀዳም ብል ከእኔ ጋር ይቆማሉን? በለው። እቆማለሁ ካለህ በዚያ ቤት ሥራ፤ ዝም ካለህ ግን ሌላ ቤት ፈልግ። እጅህ የቀዳውን ብርጭቆ ሌላ እጅ ያጥበዋል፤ አደራህን ግን ሌላ ሰው አይመልስልህም።