ጆሮ ዳባ ልበስ

እየሰማ እንዳልሰማ የሚሆንን ሰው ያገራችን ሰው “ጆሮ ዳባ ልበስ አለ” ይለዋል። ዳባ ከለፋ ቆዳ የሚሠራ ልብስ ነው፤ ጆሮውን በቆዳ የጠቀለለ ሰው ቢጮኹበትም አይሰማም ለማለት ነው። አባባሉ ምንጊዜም ወቀሳ እንጂ ምስጋና ሆኖ አያውቅም። እኔ ግን ካቻምና ጆሮዬን ዳባ የሚያለብስልኝ ዕቃ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ዞርሁ፤ ዋጋ ጠየቅሁ፣ ተከራከርሁ፣ በመጨረሻም የወር የቤት ኪራይ ለመሆን ጥቂት የቀረውን ገንዘብ ቆጥሬ ገዛሁ። የገዛሁት ጫጫታ የሚያጠፋ ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ነው፤ ማንም ይሥራው ማን በከተማችን አፍ “ኤርፖድ” የሚባለው ማለት ነው።

ለምን ገዛህ ቢሉኝ መልሱ አጭር ነው። የተከራየኋት ክፍል በአንድ በኩል ከግሮሰሪ ጋር ትዋሰናለች፤ በሌላ በኩል መብራት በጠፋ ቁጥር የሚነሣ የጎረቤት ጀነሬተር አለ። ግሮሰሪው ድምፅ ማጉያውን በረንዳ ላይ ሰቅሎታል። እንጀራዬ መጻፍ ነው፤ ለመጻፍ ደግሞ ሰፈሩ እስኪተኛ መጠበቅ ነበረብኝ። ፈጣሪ ለዓይን ቆብ ሰጥቶታል፤ ማየት ያልፈለገ ይጨፍናል። ለጆሮ ግን ክዳን አልሠራለትም፤ ተኝተን እንኳ ክፍት ነው። እንግዲህ ተፈጥሮ የነሣንን ክዳን ሰው ሠርቶ ቢሸጥልን ምን ነውር አለው? ያን ጊዜ ራሴን የጠየቅሁት ይህን ብቻ ነበር፤ መልሴም “ምንም” የሚል ነበር።

ምርጫው ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነኝ። ካርቶኑ ላይ ጫጫታ ያጠፋል ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ ለገዢው ጫጫታ አያጠፋም። አንዳንዱ ጫጫታውን የሚያጠራው በስልክ ስንነጋገር ከወዲያ ማዶ ላለው ሰው ነው፤ ለራሳችን ጆሮ የሚሠራው ሌላ ነው። ሁለቱን ለመለየት ብልሃቱ ቀላል ነው፦ ሙዚቃ ሳይከፍቱ ማዳመጫውን ጆሮ ውስጥ አድርጎ፣ ጫጫታ ማጥፊያውን አንዴ ከፍቶ አንዴ ዘግቶ የመንገዱን ወይም የጀነሬተሩን ጉምጉምታ ማዳመጥ። ለውጥ ከሌለ የተገዛው ካርቶኑ ነው። ሌላው ነገር ጎማው ነው። አብዛኛውን ጊዜ በካርቶኑ ውስጥ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማ ይመጣል፤ ብዙ ሰው የተገጠመለትን ይዞ ሌላውን ከካርቶኑ ጋር ይጥለዋል። የአንድ ሰው የግራና የቀኝ ጆሮ ቀዳዳ እንኳ ሊለያይ ይችላል። ጎማው በልኩ ካልገጠመ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለበት ጥበብ በቀዳዳው አምልጦ ይወጣል።

የጥበቡ ነገር ከተነሣ፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ በኋላ ለማነሣው ጥያቄ ይጠቅመናል። ድምፅ ማለት አየር ሲታመቅና ሲላላ የሚፈጠር ሞገድ ነው። በማዳመጫው ላይ ያሉት ጥቃቅን ማይክሮፎኖች የውጭውን ጫጫታ ይቀበላሉ፤ መሣሪያው የዚያን ጫጫታ ተቃራኒ ሞገድ ይፈጥራል፤ አንዱ ሲያምቅ ሌላው ያላላል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይጣፋሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፓውል ሉዊግ የተባለ ጀርመናዊ በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ አማር ቦዝ የተባለው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ሲበር፣ በአውሮፕላኑ የተሰጠው ማዳመጫ ከሞተሩ ድምፅ ሊያስጥለው ስላልቻለ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኖ ስሌቱን ጀመረ። ኩባንያው ለአብራሪዎች የሚሆነውን ማዳመጫ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከጆሮ ቀዳዳ የማይበልጠው ገመድ አልባው ዓይነት በሰፊው የታወቀው ግን ገና እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ይህ መሣሪያ ጸጥታ የሚሰጠን ያለማቋረጥ በማዳመጥ ነው፤ ጫጫታውን ካልሰማው ሊያጠፋው አይችልም። ሁለተኛ፣ በደንብ የሚያጠፋው ወፍራምና ወጥ የሆነውን ድምፅ ነው፦ የሞተር፣ የጀነሬተር፣ የአውሮፕላን። ድንገተኛ ድምፅና የሰው ንግግር ግን ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። አጠገባችን ያለ ሰው ቢያናግረን፣ ሙዚቃ ካልከፈትን በቀር፣ ቃሉ ሳስቶም ቢሆን ይደርሰናል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከመገናኛ በአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍሬ ነበር። ሁለቱም ጆሮዬ ተደፍኗል፤ ሙዚቃም ከፍቻለሁ። አጠገቤ አንዲት ትልቅ ሴት ተቀምጠዋል። ሾላን እንዳለፍን ወደኔ ዞር ብለው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። መስኮቱን ዝጋው ያሉኝ መሰለኝ፤ ወይም ስለ ሙቀቱ የተናገሩ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ምንም አልመሰለኝም። ማዳመጫውን ማውለቅ ሰልችቶኝ ፈገግ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እሳቸውም ረክተው ወደ ፊት ዞሩ።

አራት ኪሎ ደርሰን ሐውልቱ ሲታይ ሴትዮዋ ደንገጥ ብለው ክንዴን ያዙኝ። ማዳመጫውን አወለቅሁ።

“ልጄ፣ ቀበናን አለፍን እንዴ?”

“አዎ እማማ፤ ቅድም አልፈነዋል።”

“ታዲያ ስንደርስ ንገረኝ ብዬህ እሺ ብለኸኝ የለም?”

“ይቅርታ እማማ፤ አልሰማሁም ነበር።”

ጥቂት አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ግራ የተጋቡ ይመስሉ ነበር። “ካልሰማህ ለምን እሺ አልከኝ?” አሉና ተነሥተው ወረዱ። ሲወርዱ ነው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መልበሳቸውን ያየሁት። ለቅሶ ኖሮባቸዋል። ምናልባትም ቀብር ሊደርሱ ነበር። ታክሲው ተነሣ፤ እኔም ቀጠሮ ነበረብኝና አልወረድሁም። ወደ ቀበና ቁልቁለቱን ሲጀምሩ በኋላ መስኮት አየኋቸው።

ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ ፒያሳ ደረሰ። መጀመሪያ ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ላላክክ ሞከርሁ። አልሆነም። መሣሪያው የሰው ድምፅ ጨርሶ አያጠፋም ብያለሁ፤ የሴትዮዋን ድምፅ የቀበረው እኔ ከላይ የጫንሁበት ሙዚቃ ነው። እሱም ቢሆን ዓይኔን አልሸፈነውም፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። የነቀነቅሁትም ራስ የራሴ ነው። ዳባ የለበሰ ጆሮ አይሰማም፤ እሺም አይልም። እኔ ግን ሳልሰማ እሺ ብያለሁ። “ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው” እንዲሉ፣ ከዚያ በፊትስ ስንቱ ሰው አናግሮኝ፣ ስንቱ ትዕቢተኛ ብሎኝ እንዳለፈ በምን አውቃለሁ?

ለመሆኑ ሰው የመስማት ግዴታ አለበት? አንድ ወዳጄ ታሪኩን ስነግረው ሳቀብኝና፣ “መስማት ግዴታ ከሆነ ለግሮሰሪው ድምፅ ማጉያም ጆሮህን ልትሰጥ ነው” አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ጸጥታ የቅንጦት ነገር አይደለችም፤ የታመመ፣ የሚያጠና፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ሁሉ ያስፈልገዋል። ሆኖም ሁሉም ድምፅ አንድ አይደለም። ድምፅ ማጉያው ከኔ መልስ አይጠብቅም፤ ኖርሁም ሞትሁም ያንኑ ይጮኻል። ሴትዮዋ ግን ተናግረው ዝም አሉ፤ ዝም ያሉትም መልሴን ለመስማት ነው። መልስ የማይጠብቅን ድምፅ ባለመስማቴ ማንንም አልበድልም። መልስ የሚጠብቀውን ሰው ድምፅ ግን ስሸሽ የምሸሸው ጫጫታን ሳይሆን ሰውን ነው።

ዋሻ የገባ መናኝስ ከሰው ድምፅ ይሸሽ የለ ወይ? ይሸሻል፤ ግን መሸሹን ሁሉም ያውቃል። ዝምታው በግልጽ ይታያል፤ መንገድ ልጠይቀው ብሎ ተስፋ የሚያደርግ የለም። የኔ ዝምታ ግን ጣት በማታህል ፕላስቲክ የተደበቀ ነው። አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን፣ ትከሻችን እየተነካካ፣ እኔ እዚያ የለሁም። ይባስ ብሎ ብዙዎቹ ማዳመጫዎች የውጭውን ድምፅ በማይክሮፎን የሚያስገባ መላ አላቸው፤ ማዳመጫውን ያደረገ ሰው አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ አይሰማም፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ሁለቱም አንድ ነው። ይህን ያላወቀ መንገደኛ በምን ይለየው?

በከተማችን ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው አድራሻ ያለው በሰው አፍ ነው፤ “ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ”፣ “ከድሮው ሲኒማ ፊት ለፊት” እየተባለ። በስልክ ካርታ የማይጠቀም ሰው ካርታው አጠገቡ የተቀመጠው መንገደኛ ነው። ሲጠሩን “አቤት” የምንለውም ለዚህ ይመስለኛል፤ አለሁ፣ እየሰማሁ ነው ማለት ነው። የሚገርመው የተበደለም ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ የሚጮኸው ያንኑ “አቤት!” ነው፤ አቤቱታ የሚለው ቃል የወጣው ከዚያ ነው። ሰሚውም አቤት ይላል፣ ተሰሚነት የፈለገውም አቤት ይላል።

አቤቱታ ካነሣሁ አንድ ሌላ ጥፋቴን ልናዘዝ። ማዳመጫውን ከመግዛቴ በፊት ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን ሁለት ጊዜ የግሮሰሪውን ባለቤት ድምፁን እንዲቀንስ ለምነነው ነበር። ከገዛሁ በኋላ ግን ሦስተኛው ቀን ሲቀጠር አልሄድሁም። ለምን እሄዳለሁ? ለኔ ችግሩ አልቋል። ከግድግዳው ወዲያ ሕፃን ይዛ የምታድረው ጎረቤቴ ግን ለጆሮዋ የሚከፈል ገንዘብ የላትም፤ ለሕፃኑም ጆሮ የሚሆን ክዳን አይሸጥም። የጎረቤቱ ጀነሬተር ነገርም እንዲሁ ነው። መብራት ሲጠፋ አቅም ያለው ጀነሬተር ይገዛል፤ ቤቱ ይበራል፣ ጫጫታው ለሰፈሩ ይተርፋል። እኔም ከዚያ ጫጫታ የሚያድነኝን ገዛሁ። ሁለታችንም የጋራውን ችግር ለየግላችን ፈታነውና ለቀሪው ሰው ተውንለት። በኔ ዘንድ ጸጥታ ሲሰፍን ከሰፈሩ አቤት ባዮች አንድ ሰው ጎደለ።

ማዳመጫውን ልጣለው ማለቴ ግን አይደለም። ይህን ጽሑፍ ስጽፍም ጆሮዬ ላይ ነው፤ ጀነሬተሩም እየሠራ ነው። ለጤናም ቢሆን ጥቅም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ዐዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ እንዳያዳምጥ ይመክራል፤ የታክሲውን ጫጫታ ለማሸነፍ ሙዚቃውን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ጫጫታውን አጥፍቶ ሙዚቃውን ዝቅ ማድረግ ለጆሮ ይሻላል።

ዛሬ አንድ ሰው የትኛውን ልግዛ ብሎ ቢጠይቀኝ ግን ምክሬ ከቀድሞው ይለያል። ምን ያህል ይዘጋል ብለህ ብቻ አትጠይቅ፤ ምን ያህል ቶሎ ይከፈታል ብለህም ጠይቅ። አንዱን ሲያወልቁት ሙዚቃውን በራሱ የሚያቆም አለ፤ በአንድ ንክኪ የውጭውን ድምፅ የሚያስገባም አለ፤ እነዚህን ምረጥ። ቤትህ ውስጥ ሁለቱንም ድፈን። ታክሲ ውስጥ አንዱ ይበቃል። መንገድ ስትሻገር ሁለቱም ኪስህ ይግቡ። ሰው ሲያናግርህ፣ በማይክሮፎኑ ብትሰማው እንኳ፣ አውልቀህ በእጅህ ያዘው። ባርኔጣ አውልቆ ሰላምታ እንደ መስጠት ነው፤ የሚያናግርህ ሰው መሰማቱን በዓይኑ ማየት አለበት።

ግሮሰሪውም ዘንድ ከጎረቤቶቼ ጋር ተመልሼ ሄጃለሁ። ባለቤቱ ከሦስት ሰዓት በኋላ ድምፁን ይቀንሳል፤ ሁልጊዜ አይደለም፣ ስናስታውሰው ነው። እኒያ እናት ቀብሩ ይድረሱ አይድረሱ አላወቅሁም። ለጥያቄያቸው ግን ያኔ ሊሰጥ ይገባ የነበረውን መልስ አሁን ለሌላው ሰው እሰጣለሁ፦ “አልሰማሁም፤ ይድገሙልኝ።”