በቃኝ ስለ ማለት

ዳኛ ሲሾም «ሹመት ያዳብር» የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ በፈቃዱ ከወንበሩ ሲነሣ ግን የሚመርቀው እምብዛም አይገኝም። ከሹመት መውረድ በሕዝብ ዘንድ መሻር ተብሎ ስለሚጠራ፥ የወረደ ሁሉ የተጣለ ይመስላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረትም የሹመትን ዘመን የመብል ዘመን፥ የመውረድን ቀን የጸጸት ቀን ያደርገዋል። ነገር ግን በአማርኛ ከዚህ የተሻለ አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «በቃኝ» ነው። በትሩፋት ከከፍተኛ ማዕርግ የደረሰ አባት «የበቃ» ይባላል፤ የጠገበም ሰው «በቃኝ» ይላል። ሁለቱ ከአንድ ሥር መውጣታቸው ያለ ምክንያት አይመስልም፤ በእውነት በቃኝ ለማለት የሚችል የበቃ ሰው ነውና።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ለዳኛ ይከብዳል። ማንም በገዛ ነገሩ ዳኛ እንዳይሆን የታወቀ የፍርድ ሥርዓት ነው። የመውረጃው ጊዜ ደርሷል ወይስ አልደረሰም የሚለው ጥያቄ ግን የዳኛው የራሱ ነገር ነው። ጆሮው ሲከብድ፥ የትናንቱ ምስክርነት ከዛሬው ሲደባለቅበት፥ ይህን መዝኖ የሚፈርደው ያው የደከመው አእምሮ ነው። ስለዚህ በዚህ ነገር ዳኛ ሌሎች ምስክሮች ያስፈልጉታል፤ ምስክር የማይሰማ ዳኛ ቅን ፍርድ እንደማይፈርድም እርሱ ራሱ ያውቃል።

ለዚህ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታሪክ ምሳሌ ይሆናል። በዚያ አገር ሕገ መንግሥት የዚህ ፍርድ ቤት ዳኞች በመልካም ጠባይ እስካሉ ድረስ ከወንበራቸው አይነሡም፤ የዕድሜ ወሰንም አልተደረገባቸውም። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1846 ዓ.ም. የተሾመው ሮበርት ግሪየር ከ20 ዓመት በላይ ከፈረደ በኋላ ሰውነቱም አሳቡም ደከመ። ባልደረቦቹ ሄደው ጊዜው እንደ ደረሰ ነገሩት፤ በ1870 ዓ.ም.ም ተሰናበተ። ሊነግሩት ከሄዱት አንዱ እስቲፈን ፊልድ እንደ ነበረ ይተረካል። ፊልድም በተራው አረጀ። ባልደረባው ጆን ሃርላን ቀርቦ የግሪየርን ነገር ቢያስታውሰው፥ ፊልድ ተቆጥቶ በዕድሜው ከዚያ የከፋ ሥራ እንዳልሠራ መለሰለት ይባላል። ጆን ማርሻል በወንበር የቆየውን 34 ዓመት ለማለፍ ይሻ ነበርና እስከ 1897 ዓ.ም. መጨረሻ ሳይነሣ ቆየ። ለባልንጀራው የታየው እውነት ለራሱ ሲሆን ስድብ ሆነበት።

በ1932 ዓ.ም. ግን ኦሊቨር ወንደል ሆምዝ የ90 ዓመት ሽማግሌ ሳለ፥ የፍርድ ቤቱ የበላይ ዳኛ ቻርልስ ሂዩዝ ወደ ቤቱ ሄዶ ያንኑ ከባድ ቃል ነገረው። ሆምዝ አልተቆጣም፤ ወዲያው የስንብት ደብዳቤውን ጻፈ። ለ30 ዓመት ያህል በሌሎች ላይ የፈረደው ዳኛ በመጨረሻው ቀን በራሱ ላይ በእውነት ፈረደ።

ምናልባት «ሽማግሌ የጥበብ መዝገብ ነው፤ ስለ ምን ከወንበር ይነሣል?» የሚል ይኖራል። ብዙ ሽማግሌ ከወጣቱ አሻግሮ ያያልና ነገሩ እውነት አለበት፤ ዕድሜ ብቻውንም ምክንያት አይሆንም። ነገር ግን ወንበር የተዘረጋው ለባለጉዳዩ እንጂ ለዳኛው ክብር አይደለም። ዳኛው በዘመኑ እጅግ ብዙ ነገር ይሰማል፤ ርስቷን የተቀማችው መበለት ግን በፊቱ የምትቆመው ምናልባት አንድ ጊዜ ነው። በእርስዋ ቀን ቢያንቀላፋ፥ ያለፈው የ30 ዓመት መልካም ፍርድ ለእርስዋ ምንም አይጠቅማትም። የሽማግሌው ጥበብ ግን ከወንበሩ ጋር አይቀርም፤ በምክር፥ በማስተማር፥ የተጣላ በማስታረቅ ይሠራል።

ነቢዩ ሳሙኤል በሸመገለ ጊዜ ልጆቹን ዳኞች አድርጎ ሾመ፤ እነርሱ ግን መማለጃ እየተቀበሉ ፍርድ አጣመሙ። ወንበር እንደ ርስት ለልጅ የሚተላለፍ አለመሆኑ በዚህ ታወቀ። ሕዝቡ ንጉሥ በፈለገ ጊዜ ሳሙኤል አዝኖ ነበር፤ ሆኖም ሳኦል ከነገሠ በኋላ በሁሉ ፊት ቆሞ፥ የማንን በሬና አህያ እንደ ወሰደ፥ ማንን እንደ ገፋ፥ ከማን እጅ መማለጃ እንደ ተቀበለ ጠየቃቸው። የሚከሰውም አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ስለ ሕዝቡ መጸለይንና ቀናውን መንገድ ማስተማርን አልተወም። ተረቱ ሲሾም ያልበላውን ያስቆጨዋል፤ ሳሙኤልን በዚያ ቀን ያስከበረው ግን አለመብላቱ ነው።

የሕዝቡም ዕዳ አለ። ዳኛው በወንበር ሳለ ደጁን የሚሞላ፥ በወረደ ማግስት የሚረሳው ሕዝብ፥ ሹማምንቱ ወንበር ጨብጠው እንዲሞቱ ያስተምራቸዋል። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1869 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ 10 ዓመት ያገለገለ ዳኛ በ70 ዓመቱ ቢሰናበት ደመወዙ እንዳይቋረጥበት ማድረጉ በዚህ ረገድ ብልህ ሥራ ነበር፤ ግሪየርም የተሰናበተው ይህ ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። አረጋዊ ዳኛ ሲሰናበት ካባ ማልበስና በቃል ማመስገን መልካም ነው፤ ከዚህ የሚበልጠው ግን ኑሮው እንዳይጐድል፥ ምክሩም እንዲጠየቅ ማድረግ ነው። በቃኝ ላለውም ዳኛ የሚገባው ምርቃት ከዚያው ሥር የወጣ ነው፤ ይኸውም «እንኳን ለዚህ አበቃዎ» የሚለው ነው።