ወላጅ ልጁን ይቅርታ ሊጠይቅ ይገባዋልን?

ባለፈው ቅዳሜ ጧት የስኳሩን ጣሳ ባዶ ሆኖ ስላገኘነው የአራት ዓመቱን ልጃችንን ከሰስነው፤ ምስክር ሳንሰማም ፈርደን አንበረከክነው። ወዲያው ግን፥ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሁለት ጊዜ ሻይ አፍልተን ስኳሩን የጨረስነው እኛው መሆናችን ትዝ አለን።

እንግዲህ ምን ይሻላል? ዝም ብንል ክብራችን የተጠበቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ፥ ትልቅ ሰው ሲበድል በደሉ እንደማይቈጠር ይማራል። ከኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 6 ለልጆች የተጻፈውን ቍጥር 1 በቃላቸው እናስጠናቸዋለን፤ ለአባቶች የተጻፈውን ቍጥር 4 ግን እኛ ማጥናት እንዘነጋለን።

ስለዚህ አስነሥተን፥ «ልጄ፥ በድለንሃል፤ ይቅር በለን» አልነው። እርሱም እንደ ዳኛ ጥቂት አሰበና፥ «እሺ፤ እናንተም ተንበርከኩ» ብሎ ፈረደ። ተንበረከክን። ያን ጊዜ ቁመታችን ከቁመቱ ጋር ተስተካከለ፤ ክብራችን ግን ከቀድሞው አላነሰም።