አይታህ ነበር?

ከሦስት ዓመት በፊት በኅዳር ወር፣ ዓርብ ማታ ወደሚደረገው የወጣቶች ኅብረታችን አንድ ትሪ ጥብስ ይዤ መጣሁ። ሽንኩርቱ፣ ቃሪያው፣ የጥብስ ቅጠሉ እንደምታውቁት ነው፤ ሥጋው ግን የበሬ አልነበረም። በምኖርበት በቨርጂኒያ ራሴ ያደንኩት አጋዘን ነበር። ግማሹ ልጅ «እንዴ፣ አጋዘን ይበላል?» ብሎ አፈገፈገ፤ ግማሹ ሁለቴ አነሣ። እኔም ዕድሉን አገኘሁና ታሪኩን ተረክሁላቸው። ብዙ አዳኝ ዛፍ ላይ ማማ ሰቅሎ ከላይ ወደ ታች እንደሚተኩስ፣ እኔ ግን መሬት ላይ ሆኜ፣ ከእንስሳዋ ጋር በአንድ ደረጃ ቆሜ እንዳደንኩ ነገርኳቸው። «ፍትሐዊው መንገድ ይኼ ነው» አልኩ።

ዐሥራ አምስት ዓመት የማይሞላት አንዲት ልጅ ሹካዋን አስቀመጠችና «አይታህ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ፣ በመጨረሻ አየችኝ።»

«ታዲያ ማየቷ ምን ጠቀማት?»

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጥያቄው ግን ተከትሎኝ ቤት ገባ። ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ አደን እንድትጀምሩ ወይም እንድትተዉ አይደለም። አብዛኞቻችሁ ጠመንጃ ነክታችሁ አታውቁም፤ ምናልባትም አትነኩም። ነገር ግን «እኔ በፍትሐዊ መንገድ ነው ያደረግሁት» የምትለዋን ቃል ሁላችንም እንጠቀምባታለን፤ እኔ ይህችን ቃል የመረመርኩት ጫካ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ስለ ነገሩ ትንሽ ልንገራችሁ። በአገራችን አጋዘን የምንለው ቀንዱ የተጠማዘዘውን እንስሳ ነው፤ በባሌ ተራሮች ያለው የደጋ አጋዘንም ከዚያው ወገን ነው። የአሜሪካው ጅራተ ነጭ አጋዘን ሌላ ዘር ነው፤ ወንዱ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል። እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ በአሜሪካ የቀረው ከ500 ሺህ እንደማይበልጥ ይገመታል፤ ሥጋውንና ቆዳውን ለገበያ የሚያድኑ ሰዎች ጨርሰውት ነበር። ሕግ ወጣ፣ የአደን ወቅት ተወሰነ፣ ዛሬ ወደ 30 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። የሚበሉት ተኩላዎች ከአብዛኛው የምሥራቁ ክፍል ስለጠፉ አሁን በብዛት የሚቀንሰው መኪናና አዳኝ ነው። መግደል ራሱ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ዘፍጥረት 9 ላይ እግዚአብሔር ለኖኅ የሰጠውን ፈቃድ አንብቡት፤ ከዚያም ከሱቅ የገዛችሁት ዶሮ እንዴት እንደሞተ ጠይቁ። እኔ እዚህ የምቆየው በአንዱ ጥያቄ ላይ ብቻ ነው፤ ከላይ ወይስ ከታች?

ማማው ቀላል ነገር ነው። መሰላል ያለው ወይም በጠፍር ከግንዱ ጋር የሚታሰር የብረት መቀመጫ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከመሬት አምስት ወይም ስድስት ሜትር ከፍ ይላል። የእኛ ገበሬ ማሽላውን ከወፍና ከዝንጀሮ ለመጠበቅ የሚሠራው ማማ የሩቅ ዘመዱ ነው በሉት። ጥቅሙ ግልጽ ነው። አጋዘን ዓይኖቿ በራሷ ግራና ቀኝ ስለሆኑ አንገቷን ሳታዞር ከኋላዋ ጥቂት ሲቀር ዙሪያዋን ታያለች፤ የማሽተት ኃይሏማ አይነገርም። ነገር ግን ጠላቷ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በምድር ላይ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቀና ብላ ዛፍ አትመለከትም። የሰው ጠረንም ከላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ በአናቷ ላይ ያልፋል። ዘኬዎስ ሾላው ላይ ሲወጣ ጌታ ቀና ብሎ አየው፤ አጋዘን ግን ብዙ ጊዜ ቀና አትልም። ማማው የተሠራው በዚህች ባለማየቷ ላይ ነው።

መሬት ላይ ከሆናችሁ ሁሉም ይገለበጣል። ነፋሱ ከእርሷ ወደ እናንተ ካልመጣ ገና ሳታዩዋት ትሄዳለች። አንዲት ደረቅ ቅጠል ብትረግጡ አበቃ። ጉንጫችሁን የሚያሳክክ ነገር ቢኖር ዝም ብላችሁ ትችላላችሁ። ብዙ ቀን ባዶ እጅ ትመለሳላችሁ። ስለዚህ መሬት ላይ ያደነ ሰው «ዕድል ሰጥቻታለሁ» ይላል፤ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ሐሳቡ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1887 ከጓደኞቹ ጋር ቡን ኤንድ ክሮኬት የተባለውን ማኅበር መሠረተ። ማኅበሩ እስከ ዛሬ የሚታወቀው «ፍትሐዊ አደን» በሚለው መርሕ ነው፤ እንስሳው ነጻ ሆኖ የሚንቀሳቀስ እንዲሆን፣ አዳኙም ተገቢ ያልሆነ ብልጫ እንዳይወስድ። (ማማን አይከለክልም፤ ይህን ያወቅሁት ከተመጻደቅሁ በኋላ ነው።) በ1902 ሩዝቬልት ሚሲሲፒ ውስጥ ድብ ሊያድን ወጣ። መንገድ መሪው ሆልት ኮሊየር የተባለ፣ በባርነት ተወልዶ ነጻ የወጣ ስመ ጥር አዳኝ ነበር። ኮሊየር አንድ ድብ ያዘና ከዛፍ ጋር አስሮ ፕሬዚዳንቱን ጠራ። ሩዝቬልት የታሰረ እንስሳ አልተኩስም አለ። ጋዜጣ ላይ ካርቱን ተሣለ፣ ሕዝቡ ወደደው፣ ሕፃናት የሚያቅፉት «ቴዲ ቤር» አሻንጉሊትም ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ቀሪው ታሪክ ነው። ድቡ ተጎድቶ ነበርና ሩዝቬልት ከሥቃዩ እንዲገላግሉት አዘዘ፤ በቢላዋ ገደሉት። ይህን ሳነብ የዚያች ልጅ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ታዲያ ምን ጠቀመው? የሩዝቬልት ክብር ተጠበቀ። እንዲገላግሉት ማዘዙም ደግ ነበር። ድቡን የነካው ግን ሁለተኛው ትእዛዝ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው እምቢታ በሩዝቬልትና በራሱ መካከል የተደረገ ነገር ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ «ፊት ለፊት» የሚለውን ቃል ከእናታችን ጡት ጋር ጠብተነዋል። በአባቶቻችን ዘመን አንበሳ ወይም ዝሆን የገደለ ሰው ይሸለም፣ ይፎከርለት ነበር። ከኋላ የሚወጋ ፈሪ ነው፤ ፊት ለፊት የሚገጥም ጀግና ነው። መሬት ላይ ቆሜ በማደኔ ልቤ ያበጠው በከፊል ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ግን አስቡት፤ አንበሳን ፊት ለፊት የገጠመ ሰው ሊበላ ይችላል። አጋዘን ምን ልታደርገኝ ትችላለች? በፊት እግሯ መሬት ትመታለች፣ በአፍንጫዋ ታናፋለች፣ ከዚያም ትሮጣለች። ከእርሷ ጋር ፊት ለፊት መግጠም ጀግንነት ከሆነ፣ ከበግ ጋር መግጠምም ጀግንነት ነው።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ። ከዚያ ጥብስ በኋላ በመጣው ዓመት፣ አሁንም በኅዳር፣ በሥራ ቦታ የተዋወቅኳቸው አንድ አሜሪካዊ አዛውንት እንደ በፊቱ በመሬታቸው እንዳድን ፈቀዱልኝ። እርሳቸው ማማቸው ላይ ወጡ። ለእኔም ሌላ ማማ አሳዩኝ፤ «አመሰግናለሁ፣ እኔ መሬት ይሻለኛል» አልኩ። የወደቀ ዋርካ የሚያክል ግንድ ሥር ተቀመጥኩ። ነፋሱ ፊቴ ላይ ነበር። ዐሥር ሰዓት ገደማ አንዲት እንስት አጋዘን ከቁጥቋጦው ወጥታ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቃ ቆመች። ጠመንጃዬን ሳነሣ አየችኝ። እግሯን መታች። እንደምትሮጥ አወቅሁ። በዚያች ቅጽበት በልቤ ውስጥ የነበረው ምሕረት አልነበረም፤ «እንዳታመልጠኝ» የሚል ነበር። ዞር ስትል ተኮስኩ።

ሆዷን ነው የመታኋት። አዛውንቱ ወርደው መጡና ቅጠሉ ላይ ያለውን ደም አዩ፤ ጠቁሮ አረንጓዴ ነገር ተቀላቅሎበታል። ምንም አልተቆጡም። «አሁን ብንከተላት የባሰ ትርቃለች፤ ቁጭ በል» አሉኝ። ቁጭ አልን። እንዲህ የተመታ እንስሳ ለመሞት ሰዓታት እንደሚፈጅበት ያን ጊዜ ነው የተማርኩት። በጨለማ በባትሪ ፈለግን፤ ዱካዋ ጠፋ። በማግሥቱ ቀትር ላይ ጅረት ዳር አገኘናት። ሥጋው ተበላሽቶ ነበር። የቆሰለ አጋዘን ውኃ ይፈልጋል አሉኝ አዛውንቱ። ከዚያ ወዲህ መዝሙር 42ን ጉባኤ ውስጥ ስንዘምር ድምፄ ይቀንሳል፤ አጠገቤ የቆማችሁ አስተውላችሁ ይሆናል።

ዕድል ሰጥቻት ነበር። ዕድሏም በሥቃይ ሌሊቱን ማሳለፍ ሆነ።

ስለ ፍትሐዊ ጨዋታ ስናወራ የምናስበው እንደ እግር ኳስ ነው። ሁለቱ ቡድኖች ሕጉን ያውቃሉ፣ ወደ ሜዳ የሚገቡት ወደው ነው፣ የተሸነፈው ቤቱ ይሄዳል። አጋዘኗ ግን ጨዋታ ላይ መሆኗን አታውቅም፤ አልፈረመችም። እንግዲህ ጨዋታውን ካልተቀበለ ፍጡር ጋር «እኩል ተጫወትን» ማለት ራስን ማታለል ነው። ለእርሷ የሚገባት ሌላ ነገር ነው፤ ሞቷ አጭር እንዲሆን፣ ሥጋዋ እንዳይባክን፣ ያደረግሁትንም በስሙ እንድጠራው። ከማማ ላይ የሚተኩስ ሰው ብዙ ጊዜ ይህን የበለጠ ያሟላል። አጋዘኗ ሳትደናገጥ ትቆማለች፤ ጊዜ አለው፤ ጠመንጃውን ያስደግፋል። ጥይቱም ወደ መሬት ስለሚሄድ ከኮረብታው ማዶ ያለውን ሰው ልጅ አያገኘውም። (ቀስት የሚጠቀም ሰው ከሆነ ከቅርብ በጣም ከላይ ሲወረውር አንዱን ሳንባ ብቻ ሊያገኝ ይችላል፤ ማማም ፍጹም አይደለም። አዳኞችንም በብዛት ከሚጎዱት አደጋዎች አንዱ ከማማ መውደቅ ነው፤ የደህንነት ቀበቶ ሳያስሩ መውጣት ሞኝነት ነው።)

አንድ ብልህ አንባቢ ግን እዚህ ላይ ያስቆመኛል። «ሥቃይን መቀነስ ብቻ ከሆነ፣ ለምን አጥር ውስጥ አስገብተህ በቆሎ እየሰጠህ ግንባሯን አትመታትም? ያ ከሁሉም አጭር ሞት አይደለምን?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ኦርቴጋ ኢ ጋሴት የተባለው ስፓኛዊ ፈላስፋም ስለ አደን ሲጽፍ፣ አዳኝ ኃይሉን በገዛ ፈቃዱ ካልገደበ አደኑ አደን መሆኑ ይቀራል፤ ማረድ ብቻ ይሆናል ብሎ ተከራክሯል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። መሬት ላይ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ የነፋሱን አቅጣጫ የጠበቀ፣ ሽኮኮው እግሩ ላይ የተረማመደበት ሰው፣ እንስሳዋ ነገር እንዳልሆነች ያውቃል። ትዕግሥት ይማራል። ባዶ እጅ መመለስን ይለምዳል። እኔ ራሴ ለዓለሙ ጌታ እንዳልሆንኩ የተረዳሁት ብዙውን ጊዜ እዚያ ተቀምጬ ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ለእኔ የሚጠቅም ነው። ራስን መግዛት እንደ ጾም ነው፤ የሚራበው የጾመው ሰው ሲሆን ጾም ይባላል። እኔ ቅዱስ ለመሆን ታናሽ ወንድሜን ቁርስ ብከለክለው ምን ትሉኛላችሁ? መሬት ላይ ማደኔ ከባድ ሲሆን፣ ክብደቱን የምሸከመው እኔ ከሆንኩ መልካም ነው፤ ብርዱ፣ ጥበቃው፣ ባዶ እጅ መመለሱ የእኔ ነው። የተጣደፈ ተኩስ ግን ዋጋው ወደ እርሷ ይዞራል። ስለዚህ መሬት ላይ የሚያድን ሰው ጽድቁ የሚታየው በተኮሰ ጊዜ ሳይሆን ጠመንጃውን መልሶ ባወረደ ጊዜ ነው ብዬ አስባለሁ። ከአዛውንቱ ጎረቤቶች አንዱ ዕድሜውን ሁሉ ማማ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ አጋዘኗ ካየችው አይተኩስም፣ ከኋላዋ የአፈር ቁልቁለት ከሌለ አይተኩስም፣ ከሃያ አምስት እርምጃ በላይ ከሆነች አይተኩስም። እርሱን ከራሴ አብልጬ አምነዋለሁ። እኔ እዚያ አልደረስኩም።

ዘሌዋውያን 17፥13 ላይ ስለ አዳኝ የተጻፈ አጭር ትእዛዝ አለ። የሚበላ አውሬ ወይም ወፍ ያደነ እስራኤላዊ ወይም መጻተኛ ደሙን አፍስሶ በአፈር ይክደነው ይላል። ብዙ ጊዜ አልፌው ነበር። ከላይ ይሁን ከታች፣ በወጥመድ ይሁን በቀስት፣ ሕጉ አይጠይቅም። የሚጠይቀው፣ አዳኙ ከድሉ በኋላ ጎንበስ ብሎ አፈር እንዲያነሣ ነው። ምክንያቱንም ቀጥሎ ያለው ቁጥር ይናገራል፤ ሕይወት በደም ውስጥ ነው። እኛ ዛሬ በዚያ ሥርዓት ሥር አይደለንም፤ ነገር ግን ለፉከራ ቦታ የማይተው ትእዛዝ መሆኑን ልብ በሉ። አፈር እየበተኑ መፎከር ያስቸግራል። በአማርኛችን ያደነውም ያዳነውም ሰው ሲጻፍ «አዳኝ» መባሉ ያን ቀን እዚያ ጅረት ዳር ቆሜ ትዝ ብሎኝ አፍሬ ነበር።

ባለፈው ኅዳር መሰላሉን ወጣሁ። ቀበቶዬን አሰርኩ፣ ብርቱካናማ ሰደርያዬን ለበስኩ። ከላይ ሲታይ ጫካው ሌላ ነው፤ ትንሽ የሌባነት ስሜት እንደተሰማኝ አልደብቃችሁም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንዲት እንስት ከሥሬ መጣች፣ የወደቀ የኦክ ፍሬ ትለቅማለች። ግልገል ተከትሏት እንደሆነ ለማየት ረጅም ጊዜ ጠበቅሁ። ብቻዋን ነበረች። ጎኗን ስትሰጠኝ ጠመንጃውን በማማው ብረት ላይ አስደግፌ ተኮስኩ። ዐሥራ አምስት እርምጃ ያህል ሄዳ ወደቀች። ስደርስ ሞታ ነበር።

ሥጋውን ዓርብ ማታ ይዤ መጣሁ። ያቺ ልጅ አሁን ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሳህኗን ይዛ ከፊቴ ቆመችና ዝም ብላ አየችኝ። ጥያቄዋን ሳትደግመው መለስኩላት።

«አላየችኝም» አልኳት።

«ኧኸ» አለችና ሳህኗን ዘረጋች።