ማስታወሻው የማን ነው?

ጁባ ውስጥ የሚያድግ የኢትዮጵያውያን ልጅ የልደትን በዓል በዓመት ሁለት ጊዜ ያገኛል። አንደኛው ከተማው በሙሉ የሚያከብረው የዲሴምበር 25፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የታኅሣሥ 16 በዓል ነው፤ ሁለተኛው ከዐሥራ ሦስት ቀናት በኋላ በቤት ውስጥ የሚውለው የታኅሣሥ 29 ገና ነው (በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ 15 እና 28 ላይ ቢውሉም)። ጎረቤት አርዶ፣ ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው በመንገዱ ላይ ሲታዩ፣ ከኅዳር 15 ጀምራ የምትጾመው ኦርቶዶክሳዊት እናት ጾመ ነቢያትን አልፈታችም። ልጇ ‹‹በዓሉ መጣ?›› ብሎ ሲጠይቃት ‹‹ገና ነው›› ብትለው አማርኛው ራሱ ይቀልድባታል፤ በዓሉ ነው ማለቷ ይሁን አልደረሰም ማለቷ ከቃሉ ብቻ አይለይም። እነዚያ ዐሥራ ሦስት ቀናት ለትልልቆቹ የመጠበቂያ ቀናት ናቸው። ለአራት ዓመት ልጅ ግን የሥራ ቀናት ሊሆኑ ይችላሉ።

ሥራው ቀላል ነው። ሁለት ስኒ ዱቄት፣ አንድ ስኒ ጨው፣ አንድ ስኒ ውኃ በአንድነት ይቦካል፤ ሊጡ በጠርሙስ ይዳመጥና በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ ሆኖ ይቆረጣል፤ አለዚያም በቢላ ኮከብ ይወጣለታል። በአንዱ ላይ ልጁ መዳፉን ያትማል። ክር የሚገባበት ቀዳዳ ሊጡ ሳይደርቅ መበሳት አለበት፤ ከደረቀ በኋላ የሚበሳ ሰው ይሰብረዋል። ምድጃ ለሌለው ቤት የጁባ ታኅሣሥ በቂ ነው፤ ወቅቱ በጋ ስለሆነ እየተገላበጠ ፀሐይ ላይ የዋለ ሊጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። ከዚያ በቀለም ይነከራል፣ ቆርኪና የጨርቅ ቁራጭ ይለጠፍበታል። ጀርመናዊው ዋልተር ቤንያሚን እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመው አንድ መጽሐፍ ልጆች ከግንባታና ከልብስ ስፌት በሚተርፈው ቁርጥራጭ እጅግ እንደሚሳቡ ጽፎ ነበር፤ ይህን ለማየት ግን በርሊን ድረስ መሄድ አያሻም።

በእርግጥ ጌጡን ገዝቶ መገላገል ይቻላል። የአሜሪካው ነጋዴ ዉልዎርዝ እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ የጀርመን የመስታወት ጌጦችን በመደብሩ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ የገና ጌጥ የገበያ ዕቃ ሆኗል፤ ዛሬ አብዛኛው የዓለም የገና ጌጥ የሚመረተው ቻይና ውስጥ በዪዉ ከተማ ነው። የተገዛው ያምራል፣ ያንጸባርቃል፣ አይጣመምም። ጥያቄ የሚያስነሣው ግን ቤት ውስጥ የተሠራው ነው።

ጥያቄው የሚጀምረው ልጁ ከተኛ በኋላ ነው። ኮከቡ አራት ጫፍ ብቻ ወጥቶለታል፤ አምስተኛው ጠፍጥፎ ቀርቷል። ሊጡ ገና እርጥብ ነው። የእናት ጣት ይዘረጋል፣ ጫፉን ይስባል፣ ጠርዙን ያለሰልሳል። ምን ጉዳት አለው? ልጁ በማግስቱ ልብ አይለውም። ነገር ግን ይህ ዕቃ የሚቀመጠው ለውበቱ አይደለም፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ወጥቶ ‹‹ይህን በአራት ዓመትህ በገዛ እጅህ ሠራኸው›› እንዲባልበት ነው። ዕቃው ምስክር ነው ማለት ነው። የተቀባ ምስክር ደግሞ፣ የተቀባው በፍቅር እንኳ ቢሆን፣ የሐሰት ምስክር ነው። የደራሲውን አንካሳ ዐረፍተ ነገር አሳምሮ የሚያቀርብ ተርጓሚም እንዲሁ ነው፤ አንባቢውን ያስደስታል፣ ደራሲውን ግን ከመጽሐፉ ያስወጣዋል።

ለዚህ መልስ የሚሰጥ ወላጅ አይጠፋም። ‹‹ልጅ ፊደል የሚለየው እንኳ ሌላ ሰው በስንደዶ እየጠቆመለት አይደለም ወይ? ያልተመራ እጅ የት አለ?›› ይላል። እውነት አለው። ሆኖም ልጁ እያየ እጁን ይዞ ማገዝና ልጁ ተኝቶ ሳለ ማረም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ማስተማር ነው፤ ልጁም ‹‹አብረን ሠራነው›› ሊል ይችላል፣ ንግግሩም እውነት ይሆናል። ሁለተኛው ግን ልጁ ስለ ራሱ የሚያውቀውን ነገር ያለ እርሱ ፈቃድ መለወጥ ነው። መዳፉን ያተመው ልጅ ፊርማውን አስቀምጧል፤ በሌላ ሰው ፊርማ ላይ ደግሞ አይጨመርም።

ከዚህ የጠለቀ ሌላ ጥያቄ አለ። አማርኛ ለእንዲህ ያለው ዕቃ ሁለት ቃል አለው፤ ‹‹ማስታወሻ›› እና ‹‹መታሰቢያ››። ማስታወሻ የሚያስታውሰውን ሰው ያያል፣ መታሰቢያ ደግሞ የሚታሰበውን። ሰዎች ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት ከሆነባቸው ነገር በአብዛኛው ጥቂት ወይም ምንም እንደማያስታውሱ የታወቀ ነው፤ የአራት ዓመቱም ትዝታ ቢሆን ቁርጥራጭ ነው። እንግዲህ ያ ኮከብ ለልጁ ማስታወሻ ሊሆነው መቻሉ ያጠራጥራል። ማስታወሻነቱ ለእናቲቱ ነው፤ ልጁ በእርሱ የሚታሰብበት ነው። በሕይወት ላለ፣ አጠገብ ተቀምጦ ሊጥ ለሚልስ ልጅ መታሰቢያ ማዘጋጀት እንግዳ ነገር ነው፤ ግን ወላጆች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፣ ያ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት እንደማይገኝ ስለሚያውቁ። አምስት ዓመት የሞላው ሌላ ልጅ ይተካዋል።

አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ መሥራትንና ማድረግን ይለያል፤ የመሥራት ግቡ ከሥራው ውጭ ያለ ዕቃ ነው፣ የማድረግ ግቡ ግን ድርጊቱ ራሱ ነው። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት ሁለቱ ሰዎች አንድ ነገር ላይ ያሉ ይመስላሉ፤ እናቲቱ እየሠራች ነው፣ ልጁ ግን እያደረገ ነው። ችግር የሚመጣው የእርሷ ግብ የእርሱን ሲውጠው ነው፤ ‹‹ተው፣ ይበላሻል›› የሚለው ቃል ከሦስት ጊዜ በላይ ሲሰማ፣ ጨዋታው ለወደፊት ትዝታ ሲባል መሠዋት ጀምሯል።

የጁባ አካባቢ ልጆች ይህን ጉዳይ በራሳቸው መንገድ ከፈቱት ቆይተዋል። በዲንካ፣ በኑዌርና በሙንዳሪ ዘንድ ልጆች ከጭቃ ከብት ይሠራሉ፤ ቀንዱ የተቀለበሰ በሬ፣ ሻኛው ከፍ ያለ ወይፈን፣ ላም ከነጥጃዋ። በረት ይሠሩላቸዋል፣ ያጋጩአቸዋል፣ ሲመሽ ትተዋቸው ይሄዳሉ፣ በማግስቱ ሌላ ይሠራሉ። ኦክስፎርድ ያለው የፒት ሪቨርስ ቤተ መዘክር ከዚያ አገር የተሰበሰቡ እንዲህ ያሉ የጭቃ ከብቶችን ይዟል። መስታወት ውስጥ እንዲቀመጥ ብሎ የሠራው ልጅ ግን አልነበረም። ማስቀመጥ የትልልቅ ሰዎች ፍላጎት ነው። የልደቱ በሬ ከግርግሙ አጠገብ መቆሙን የሰማ የጁባ ልጅ ከኮከብ ይልቅ በሬ ቢሠራ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ታዲያ ማስቀመጥ ከንቱ ነው? ጁባን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ለማለት ይቸግረዋል። ጦርነቱ በከተማይቱ የፈነዳው በታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. (ዲሴምበር 15፣ 2013)፣ ዲሴምበር 25 ሊደርስ ዐሥር ቀን ሲቀረው ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በተባበሩት መንግሥታት ግቢዎች ተጠልለው በዓሉን እዚያው ዋሉ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. (ጁላይ 2016) ደግሞ ተኩሱ ተመለሰ። በእንዲህ ያለ ቀን ሻንጣ ውስጥ የሚገባው ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ መድኃኒትና የልጅ ልብስ ነው። የሊጥ ኮከብ ለመንገድ አይሆንም፤ ይሰበራል። ሊሄድ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ለማስቀመጥ ያለው ምክንያት ከሌላው ይበልጣል፣ አቅሙ ግን ያንሳል። በኢትዮጵያ በክርስትና ቀን ለልጅ አንገት የሚታሰረው ማተብ በዚህ ረገድ ብልህ ነገር ነው፤ ክር ስለሆነ አይከብድም፣ ከልጁም ጋር ይሄዳል።

ሰላም ቢሆንም እንኳ ጨው ውኃ ይስባል። ዝናቡ በሚያዝያ አካባቢ ሲገባ ቫርኒሽ ያልተቀባ የጨው ሊጥ ይረጥባል፣ ይለሰልሳል፣ ቀለሙም ይፈሳል። አንድ ቀን ጠዋት ልጁ ከግድግዳው የወረደውን ለስላሳ ኮከብ አንሥቶ ‹‹ላም ላድርገው?›› ሊል ይችላል። ኮከቡ የእርሱ ነው ብላ ለዘመዱ ሁሉ ስትነግር የከረመች እናት እንቢ የምትልበት ምክንያት የላትም።