ነፋሱ የዘለለው ቤት

አንባቢዬ፣ ያ በየዓመቱ አሜሪካንን የሚያምሰው ሃሪኬን የሚሉት ነፋስ ዘሩ ከየት ይመስልዎታል? የአየር ጠባይ ተመራማሪዎችን ከጠየቁ ብዙውን ጊዜ ከአፍሪካ ነው። በክረምት ወራት በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ተራሮች አካባቢ የሚፈጠር የአየር ሞገድ አለ። ይህ ሞገድ ሱዳንንና ቻድን አቋርጦ፣ በሴኔጋል ጠረፍ በኩል ወጥቶ የሞቀውን ውቅያኖስ ሲያገኝ አንዳንዴ ያብጣል፣ ይሽከረከራል፣ ስም ይወጣለታል። ከኃይለኞቹ ሃሪኬኖች አብዛኞቹ የዚህ ሞገድ ልጆች ናቸው። በ1992 ዓ.ም. ክረምት የተነሣውን አልቤርቶ የተባለ ሃሪኬን ዱካ ወደ ኋላ የተከተሉ ተመራማሪዎች ደግሞ መነሻውን ያገኙት እኛው ደጋ ላይ በተፈጠረ የነጎድጓድ ደመና ነው። ለካ ወደ ውጭ የምንልከው ቡና ብቻ አይደለም!

እኛ ዘንድ ግን ሃሪኬን አይደርስም። የሞቀ ባሕር ይፈልጋል፤ ወልድያና መርሳ ደግሞ ባሕር የላቸውም። የእኛ ነፋስ ሌላ ነው። በበልግ ማለቂያና በክረምት መግቢያ፣ ቆላው ሲግል ውሎ ከሰዓት በኋላ ሙቁ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ በምዕራብ በኩል ተራራው ላይ ደመናው እንደ ግንብ ይቆማል። ከዚያ ዝናብና በረዶ ያዘለው ቀዝቃዛ አየር ይከብድና ድንገት ወደ መሬት ይወርዳል። መሬት ሲነካ ሌላ መሄጃ የለውምና በየአቅጣጫው ይበተናል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሃያ ደቂቃ፣ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት። ሃሪኬን ከመድረሱ ቀናት አስቀድሞ በቴሌቪዥን ይነገርለታል፤ መኪና ያለው ሰው መስኮቱን በጣውላ መትቶ ይሄዳል። የእኛው መምጣቱን የሚናገረው በአቧራ ሽታና በፍየሎች ሩጫ ነው። ሰው ቢያማርር እንኳ ስሙን ጠርቶ የሚረግመው ነገር የለም።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ያለ ነገር አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰኔ ወር መርሳ አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። መርሳ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከወልድያ ወደ ደሴ ሲሄዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። አሥር ሰዓት ገደማ ቡና እየተፈላ ሳለ ቤቱ በአንድ ጊዜ ጨለመ። አክስቴ ጀበናውን ጥላ መጀመሪያ ያደረገችው ምን ይመስላችኋል? ከሰል ምድጃው ላይ ውኃ ደፋችበት። ነፋሱ በሩን ገንጥሎ ከገባ ፍሙን በየቦታው እንደሚበትነው ታውቃለች። ቀጥላ ልጆቹን አልጋ ሥር ከተተቻቸው። ባልየው ጋሼ ጠፍር አምጥተው ወራጁ ላይ ወረወሩና አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጡኝ። «ያዝ! እንዳትለቅ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም፤ በረዶው ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው እንኳን የሰው ድምፅ መድፍም አይሰማ። ሁለት ጎልማሶች ከጣሪያ ላይ እንደ ሥጋ ተንጠልጥለን ቀረን። ቆርቆሮው ከፍ ሲል እኛም ከፍ እንላለን፤ ሲወርድ እንወርዳለን። አክስቴ በአንድ ትንፋሽ «ያረቢ!» ትላለች፣ «እመብርሃን!» ትላለች። ወሎ ነውና ማንም አይገርመውም፤ በዚያች ሰዓት የቀረበው ሁሉ ይጠራል።

ሲያቆም በሩን ከፈትን። የእኛ ቤት አለ። አጥር የምንጋራው ቤት ግን ጣሪያ የለውም። ቆርቆሮው ከነማገሩ ተነሥቶ ሦስት ግቢ አልፎ ማንጎ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ባልና ሚስቱ ሦስት ልጆቻቸውን በቁና ልብስ ሸፍነው ጥግ ላይ ኩርምት ብለዋል፤ ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ሰውየው የሽንኩርት ነጋዴ ነበር። ለወልድያ ገበያ ያከማቸው ሽንኩርት በየጆንያው ውኃ ጠጥቶ ተቀምጧል። ሽንኩርት እንዲህ ከሆነ ምን እንደሚከተል ለነገርኳችሁ አያስፈልግም፤ በሦስተኛው ቀን ሽታው ራሱ ይናገራል።

ያን ሌሊት አምስቱም አክስቴ ቤት አደሩ። በማግሥቱ አጽናኙ መጣ። ወሎዬ «አብሽሩ» ሲል ነፍስ ይዘራል፤ ግን አብሽሩ ካለ በኋላ ዝም አይልም። አንዱ «ሳይደግስ አይጣላም» አለ። ሌላው በነፋስ የጠፉትን የዓድን ሕዝቦች አነሣ። ሌላዋ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰዎቹ ከመጡ ጀምሮ ጾምም ሶላትም እንዳላየችባቸው ለአክስቴ ሹክ አለቻት። አክስቴ ቡናውን እየቀዳች «እንግዲያ እኔ የተረፍኩት በጽድቄ ነዋ!» አለች። «ምነው እህትዓለም፣ የምታውቂኝ መስሎኝ!»

እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ የማላምጠው ይህችን መልስ ነው። መጽሐፈ ኢዮብን ያነበበ ያስታውሳል፤ ከበረሃ ማዶ የመጣው ታላቅ ነፋስ የቤቱን አራት ማዕዘን መትቶ ልጆቹን ይገድልበታል። ወዳጆቹ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ይቀመጣሉ። እንደ እኔ እንደ እኔ ወዳጅነታቸው እስከዚያች ድረስ ነው። በስምንተኛው ቀን አፋቸውን ከፍተው ምክንያቱን ማስረዳት ጀመሩ። መጽሐፉ ሲያልቅም እግዚአብሔር የሚቆጣው በኢዮብ ሳይሆን በአስረጂዎቹ ነው። ምክንያት የመፈለጋችን ነገር ሁልጊዜ ለእውቀት አይደለም። የጎረቤቴ ጣሪያ የሄደው በጥፋቱ ከሆነ የእኔ የቀረው በደህና ጠባዬ ነው ማለት ነው፤ ያን ካልኩ ደግሞ ምንም ዕዳ የለብኝም። ቡናዬን ጠጥቼ መሄድ እችላለሁ።

የተማርነው ሰዎች ደግሞ የራሳችን አስረጂነት አለን። ኃጢአት አንልም፤ ምስማር እንላለን። ይህኛው እውነትነት አለው፣ አልክድም። በ1755 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ ስትወድም ፈላስፋው ሩሶ ለቮልቴር በጻፈው ደብዳቤ፣ እዚያ ቦታ ላይ ሃያ ሺህ ባለ ስድስትና ባለ ሰባት ፎቅ ቤቶችን የደረደረችው ተፈጥሮ አይደለችም ብሎ ተከራክሯል። ነሐሴ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ካትሪና ኒው ኦርሊንስ ስትደርስም ከተማዋን 80 በመቶ ያህል ውኃ የሞላት የጎርፍ መከላከያ ግድቦቹ ስለተናዱ ነው። ግድቦቹን የሠራው የጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ክፍል በዓመቱ የንድፍ ጉድለት እንደነበረባቸው አምኗል። መኪና ያለው ወጣ፤ መኪና የሌለው ጣሪያ ላይ ቀረ። ከ1,300 በላይ ሰው ሞተ። እዚህ አገርም በ1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ ደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ሲጠርግ ከ250 በላይ ሰው የሞተው ዝናብ ስለዘነበ ብቻ አልነበረም፤ ድሀው ቤቱን የሠራው ወንዙ ሲሞላ በሚሄድበት ላይ ነበር። በዚያው በሐብሩ ወረዳ በጃራ መጠለያ ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች በሸራ ሥር ሲከርሙ ያየ ሰው፣ ነፋስ ሁሉን እኩል ይመታል የሚል ወሬ አያወራም። ሸራ ምስማር እንኳ የለውም።

ስለዚህ ጋሼን ጠየቅኋቸው። «የእርስዎ ጣሪያ ለምን ቀረ?» ወራጁን ከቋሚው ጋር በሽቦ አስረውት ይሆናል፣ ምስማሩን ከታች አጥፈውት ይሆናል ብዬ ነው። ጋሼ ሳቁ። «የሁለታችንንም ቤት የሠራው አንድ አናጢ ነው። ምስማሩንም የገዛነው ከአንድ ሱቅ ነው። የእነሱ በር ነፋሱ በመጣበት በኩል ይከፈታል፣ የእኔ በሌላ በኩል» አሉ። «ደግሞ አንተ ነበርክ» ብለው በትህትና ጨመሩ፤ የእኔ ክብደት ያን ጣሪያ እንደማያስቀር ሁለታችንም እናውቃለን። ነፋስ በበር ከገባ ጣሪያውን ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ከላይ የሚያልፈው ደግሞ ወደ ራሱ ይስበዋል። በቃ፣ የበር አቅጣጫ። ማንም መርጦ ያላስቀመጠው።

ጉዳዩ እሑድ ጠዋት ቅሬው ፊት ቀረበ። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ችግሩ ሰዎቹ አባል አይደሉም። ከሌላ ወረዳ መጥተው ቤቱን ከሠሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የመግቢያውን ገንዘብ ግን ዛሬ ነገ ሲሉ አልከፈሉም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሡና እንዲህ አሉ፦

«እኔ ጨካኝ አይደለሁም። ግን ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ጦርነቱ እዚህ ሲገባ፣ መንግሥት የለ፣ ባንክ የለ፣ ሬሳችንን ያነሣው ይሄ ቅሬ ነው። የቆመውም ሰው ሲያጣ ሲነጣ ወሩን ጠብቆ ስለከፈለ ነው። ያልከፈለ ከተረዳ ነገ ማን ይከፍላል? እስቲ አንድ ሰው ይመልስልኝ።»

ማንም አልመለሰላቸውም። እኔም እንግዳ ነኝና አፌን ያዝኩ፤ ለነገሩ ብናገርም መልስ አልነበረኝም። ንፉግ ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ግን ሰውየው የተናገሩት እውነት ነው። ማኅበር የሚፈርሰው በክፉዎች ብቻ አይደለም፤ ቸርነታቸው ደንብ በማያውቅ ደጎችም ይፈርሳል።

አሁን ሳስበው ግን አንድ ነገር አምልጧቸዋል እላለሁ። ለቅሶ ብድር ነው። ሞት ሁሉንም ቤት ይዞራል፤ ዛሬ የቀበርኩት ሰው ልጆች ነገ ይቀብሩኛል። የቅሬ ሒሳብ የሚሠራው ሞት ማንንም ስለማይዘል ነው። ነፋስ ግን ይዘላል። የእኔን ቤት ዕድሜዬን ሙሉ ላይነካው ይችላል። ስለዚህ ለነፋስ ተጎጂ የሚያዋጣ ሰው ነገ ይመለስልኛል ብሎ ከሆነ ሒሳቡ ስህተት ነው፤ ላይመለስለት ይችላልና። ታዲያ ለምን ይሰጣል? እኔ የሚመስለኝ፣ የሚከፍለው ለነገ ሳይሆን ለትናንት ነው። ያ ጣሪያ ራሱ ላይ የቀረው በጽድቁ እንዳልሆነ፣ በምስማሩም እንዳልሆነ ያውቃል። በነፃ ያገኘው ነገር ነው። ዋጋውን ሊቀበለው የሚችል ደግሞ በዚያች ሰዓት ከጎረቤቱ በቀር ሌላ የለም። እንዲህ ካየነው የመግቢያ ገንዘቡ ጥያቄ ሌላ መልክ ይይዛል። የሞቱን ብድር ያልከፈለ የሞቱን ብድር ባይጠይቅ ተገቢ ነው፤ የነፋሱ ዕዳ ግን ያለው እነሱ ላይ ሳይሆን እኛ ጣሪያችን የቀረልን ሰዎች ላይ ነው።

ቅሬው እንዲህ አልተፈላሰፈም። የቅሬው ዳኛ ብልህ ሰው ነበሩና ከሣጥኑ አንድ ብር እንዳይነካ ወሰኑ፤ ቀጥለው «ደቦ ግን ደንብ የለውም፤ ማክሰኞ መዶሻ ያለው ይምጣ» አሉ። ሽማግሌው ረክተው ተቀመጡ። ማክሰኞ ወልድያ ገበያ ነው፤ ብዙ ሰው ገበያውን ትቶ ቀረ። ጎባጣ ቆርቆሮ በእንጨት እየተደበደበ ቀና። እንጨት ያለው እንጨት፣ ገመድ ያለው ገመድ አመጣ። ስድስት ሰዓት ላይ ሽማግሌው ራሳቸው ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ለማየት የመጡ መስሎን ነበር። ቀና ብለው ሲያዩ ቆዩና «ይሄን ምስማር ተበድራችሁት ነው እንዲህ የምታራርቁት?» ብለው ጮኹ። ወራጁ ሁሉ በሽቦ ከቋሚው ጋር ካልታሰረ ከዚህ አልሄድም አሉ። ሽቦ አልነበረም። ልጃቸውን ወደ ቤት ልከው አንድ ጥቅል አስመጡ። ለሚቀጥለው ነፋስ ከዚያ ቀን ሥራ ሁሉ የሚጠቅመው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

የቤቱ እመቤት በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል ደብተር ይዛ ትዞር ነበር። የትልቁ ልጇ የትምህርት ቤት ደብተር ነው፤ ዳርና ዳሩ ረጥቦ አብጧል። የመጣውን ሁሉ ታስጽፋለች። አክስቴ «ተይው እንጂ የኔ ዓለም፣ ማን ይጠይቅሻል?» ስትላት «የለም እትዬ፣ ይጻፍልኝ። ካልተጻፈ ስበላው ያንቀኛል» አለች። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፤ እኛ ዕዳችንን ስንከፍል እሷ ለምን ብድር ታደርገዋለች ብዬ። ኋላ ግን ልክ መሆኗ ገባኝ። ሰጪው ዕዳ እየከፈልኩ ነው ብሎ ካሰበ፣ ተቀባይዋም ተበድሬ ነው ብላ ከያዘች፣ በሁለቱ መሐል ምጽዋት የሚባል ነገር አይኖርም። ሒሳቡ ባይገጥም ምን ቸገረው?

ማታ ደብተሩን አየሁት። የልጅ እጅ ጽሑፍ ነው። እንጨት ከእነ እገሌ፣ ምስማር ሁለት ኪሎ ከአክስቴ ቤት፣ ሽቦ አንድ ጥቅል፣ የቡና ስኒ አራት፣ ማሽላ አንድ ቁና፣ ጉልበት ብሎ ሃያ ሦስት ስም። መጨረሻው መስመር ላይ «ሦስት ቆርቆሮ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ» ይላል። ነፋሱ ከሌላ ሠፈር አምጥቶ እነሱ ግቢ የጣላቸው ናቸው። በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ስሳፈር ሴትዮዋ ትልቁን ልጇን አስከትላ በየግቢው እየዞረች ባለቤታቸውን ትጠይቅ ነበር።